ከብርቱካኑ ሥር

ፎሪዋ እንደምትለው ልጁ ያለው ከብርቱካኑ ዛፍ ሥር ነው። ስም የሚወጣበት ስምንተኛው ቀን ሳይደርስ አረፈ። ባሏ አዶማኮ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ያኔ ገና በገዙት ባዶ መሬት ጥግ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ አስተኛው፤ በላዩም የብርቱካን ችግኝ ተከለ። ቦታውን በጣቱ ጠቁሞ ያሳያት አዶማኮ ራሱ ነው።

አዶማኮ እንደሚለው ደግሞ ከብርቱካኑ በታች ከአፈር በቀር ምንም የለም። ልጁን የወሰዱት አሮጊቶቹ ናቸው። እንደ ወጉ በሸክላ ድስት አድርገው ይዘውት ወጡ፤ የት እንዳደረሱት ለወላጅ አይነገርም፣ እሱም አልጠየቀም። ችግኙን የሰጠው በመኪናው ያሳፈረው አንድ የኩማሲ ከተማ ሰው ነው። ጣቱን ወደዚያ የቀሰረውም ወደ አንድ ቦታ መቀሰር ስለነበረበት ብቻ ነው።

ሠላሳ ዓመት ያህል በሁለቱ መካከል የኖረው የመጀመሪያው ቃል ብቻ ነበር። ሁለተኛው የመጣው በቅርቡ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች በጅምር ቤታቸው ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ከጻፉ በኋላ ነው።

«ሥራ አቁም! ፈቃድ አቅርብ!»

በከተማቸው በአሱዋ ይህ ጽሑፍ ያልተጻፈበት ግድግዳ ብርቅ ነው። የአሱዋ ሰው ቤት አይሠራም፤ ቤት ያሳድጋል። አንድ ዓመት ብሎኬት ያስመታል፤ ብሎኬቱ ዝናብ እየጠጣ ይጠቁራል። በሌላው ዓመት መሠረት ያወጣል። ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ሥራው ይጓተታል፣ ሰው ሲሞት ይቆማል፣ ኮኮዋ ዋጋ ሲያወጣ እንደገና ይጀመራል። ፈቃድ የሚባል ነገር መኖሩ ትዝ የሚለው ጣሪያ ሊያለብስ ሲነሳ ነው፤ ያውም ቀይ ቀለሙን ካየ።

አዶማኮም ከዚህ የተለየ ሰው አልነበረም። ዕድሜውን የጨረሰው በጭነት መኪና መሪ ላይ ነው። ከየጉዞው ሲመለስ ከጭነቱ መሃል አንድ ከረጢት ሲሚንቶ አይጠፋም ነበር። ፎሪዋ ከወንዙ ውሃ በራሷ ተሸክማ ታመጣለች፣ እሱ አሸዋውን ያላውሳል፣ ሁለቱም ብሎኬት ይመታሉ። በኪራይ ቤት፣ በአንዲት ክፍል እየኖሩ፣ ግድግዳው ጉልበት ደረሰ፣ ወገብ ደረሰ፣ ከመስኮቶቹ በላይ አለፈ። በክፍሎቹ ውስጥ ሣር በቀለ፤ በማድ ቤቱ ውስጥ ደግሞ አንድ የፓፓያ ዛፍ። አዶማኮ ፓፓያዋን እያየ «ተከራይ ገባ እኮ!» ይል ነበር።

ሌላ ልጅ አልወለዱም።

ከዚያ የአዶማኮ እግር ማበጥ ጀመረ። ልቡ ደከመ ተባለ። በዚያው ሰሞን የእህቱ ልጅ ክዋርተንግ እሁድ እሁድ ብቅ ማለት አበዛ። በነሱ ዘንድ ወንድ ሲሞት ንብረቱ ለእህቱ ልጅ ነው፤ ሚስት ያመጣችውን ድስትና ልብሷን ይዛ ወደ ወገኖቿ ትመለሳለች። ክዋርተንግ ክፉ ሰው አልነበረም። ብቻ በጅምሩ ቤት ውስጥ ሲዘዋወር ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል፤ ሰው ሊገዛው ያሰበውን በሬ እንደሚያደርገው።

«ዎፋ፣» አለ አንድ እሁድ። የእናቱ ወንድም ስለሆነ ዎፋ ነው የሚለው። «ይሄ በር ወደ መንገዱ ቢዞር እኮ ጥሩ ሱቅ ይወጣው ነበር።»

«ጣሪያውን ይዘህ ና፣ በሩን እናዞርልሃለን» አለች ፎሪዋ።

«ማሜ፣» አላት፣ እናቴ ማለቱ ነው፤ «ቀልድ ነው እኮ።»

«የኔም ቀልድ ነው።»

ክዋርተንግ ሲሄድ አዶማኮ የተቀመጠባትን ብሎኬት በእጁ እየዳበሰ ቆየ። በማግስቱ ወደ ሕግ አዋቂ ሄደ። ፈቃዱ በፎሪዋ ስም ከወጣና ቤቱ እሱ በሕይወት እያለ ጣሪያ ከለበሰ፣ ማንም እህት የወለደው ሰው መጥቶ አያስወጣትም ተባለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ፈቃድ፣ ፈቃድ፣ ፈቃድ። ጭነት የያዘ መኪና እንደሚነዳ ሰው ነበር፤ ዳገቱ ላይ ማርሽ እንዳይጠፋበት የሚፈራ።

ፕላኑን ያሞዋ የሚባል ንድፍ አውጪ ሠራላቸው። ማመልከቻውን አስገቡ። ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ተጠሩ።

የማዘጋጃ ቤቱ የግንባታ ፈቃድ ክፍል ፎቅ ላይ ነው። አዶማኮ ደረጃውን እያረፈ ወጣ። አግዳሚው ላይ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ቦታ ለቀቀለትና «ና ተቀመጥ ወንድሜ» አለው። «እኔ እዚህ ፈቃድ ስጠብቅ ቤቱ አርጅቶ ፈረሰ። አሁን የመጣሁት ለማፍረሱ ቅጣት እንዳልከፍል ነው።» አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ። አዶማኮም ሳቀ፣ ሳቁ ግን ወደ ሳል ተለወጠበት።

የክፍሉ ኃላፊ ባዱ ገና ወጣት ነው፤ ሰው ሲያናግር ቀና ብሎ የሚያይ። ፕላኑን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«ፓፓ፣ ማሜ፣ ሥራው ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ። የፍሳሽ ጉድጓዱን በሰሜን በኩል አድርጋችሁታል። እዚያ የጎረቤታችሁ የውሃ ጉድጓድ አለ።»

«አለ፣» አለ አዶማኮ። «ጥሩ ውሃ ነው።»

«ጥሩ ሆኖ እንዲቆይ ነው እንግዲህ። በምሥራቅ መንገድ ነው፣ በምዕራብ ጅረቱ። የቀራችሁ ይሄ የደቡቡ ጥግ ነው።» በእርሳሱ ነካው። «ያሞዋ እዚህ አንድ ዛፍ አሳይቷል። እሱ ይቆረጣል፣ ጉድጓዱ እዚያ ይገባል፣ እኔ እፈርማለሁ።»

«አይሆንም» አለች ፎሪዋ።

ባዱ ቀና አለ። «ምኑ ማሜ?»

«እዚያ ሰው አለ።»

«የሚኖርበት ሰው?»

«የተኛ ሰው። ልጄ።»

አዶማኮ ዓይኑን ከፕላኑ ላይ አላነሳም። የክፍሉ ማራገቢያ የወረቀቱን ጫፍ እያነሳ ይጥለዋል። ከዚያ አዶማኮ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ዕቃ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ «የለም» አለ። «እዚያ ማንም የለም።»

ፎሪዋ መጀመሪያ በትክክል የሰማች አልመሰላትም። ዞር ብላ አየችው። ባሏን በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሲቆጣም፣ ሲሰክርም፣ ሲፈራም አይታዋለች። ይህን ፊት ግን አታውቀውም።

ባዱ እርሳሱን አስቀመጠ። «እኔ የምጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው» አለ በትዕግሥት። «በይዞታው ውስጥ መቃብር አለ ወይስ የለም? አለ ካላችሁ ፋይሉ ወደ ጤና ክፍል ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ባላባቱ ሽማግሌዎች ይሄዳል። መቼ እንደሚመለስ ልዋሻችሁ አልችልም፤ እኔ ሳልቀጠር የሄደና እስካሁን ያልተመለሰ ፋይል አለ። የለም ካላችሁ ዛሬውኑ አልቋል። ሦስተኛ መንገድ ደግሞ አለ፦ የኋለኛው መኝታ ክፍል ከመሠረቱ ይፍረስና ጉድጓዱ እዚያ ይግባ።»

«ያን ክፍል ከማፍረስ በፊት የምፈርሰው እኔ ነኝ» አለ አዶማኮ።

«እንግዲህ፣» አለ ባዱ ፕላኑን እየጠቀለለ፣ «አንድ ማመልከቻ በሁለት አፍ አይናገርም። ተስማምታችሁ ኑ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

ወደ መሬታቸው ተመለሱ። ፎሪዋ ከፊት፣ አዶማኮ ከኋላ እግሩን እየጎተተ። ዛፉ ሥር ስትደርስ ቆመችና ዞረች።

«ያኔ ነው የዋሸኸኝ ወይስ ዛሬ?»

አዶማኮ ግድግዳውን ተደገፈ። ቀይ ቀለሙ ከራሱ በላይ ነበር።

«ያኔ።»

«ማል።»

«በምን ልማልልሽ? የምምልበት የለኝም እኮ።» ትንፋሹን ሰብስቦ ቀጠለ። «ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ ነበር። ነጭ አለበሱሽ። አታልቅሺ አሉሽ፣ አላለቀስሽም። የኦቾሎኒ ሾርባውን አምጥተው እንደ ድግስ በአፍሽ አደረጉልሽ፣ ዋጥሽ። ከዚያ በኋላ ግን ውሃም አልወስድ አልሽ። አየሁሽ፤ ተከትለሽው ልትሄጂ ነበር። እና ገባሁና 'በመሬታችን ላይ ነው ያለው፣ እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት' አልኩሽ።»

ፎሪዋ አስታወሰች። ስምንተኛው ቀን ሳይደርስ የሞተ ልጅ ልጅ አይደለም፤ እንግዳ ነው። ቤቱን አይቶ አልጥም ያለው መንገደኛ። አይለቀስለትም፤ የተለቀሰለት እንደሆነ መመላለስ ይወዳል ይባላል። አሮጊቶቹ «እንግዳ መጣ፣ እንግዳ ሄደ» እያሉ እየሳቁ፣ እያጨበጨቡ ነው የወጡት። ከዚያ ቀን ወዲህ የኦቾሎኒ ሾርባ አፏ ገብቶ አያውቅም።

«በውሸት ነው ያስነሳኸኝ።»

«ተነሳሽ» አለ አዶማኮ። «መጥረጊያ ጠየቅሽ፣ ከዚያ መቆፈሪያ ጠየቅሽ። እኔ ያየሁት መነሳትሽን ነው።»

«ዛሬስ? ዛሬ ደግሞ ለቤቱ ስትል ብትዋሸኝ በምን አውቃለሁ?»

ሰው ስለ እዝነት አንዴ ከዋሸ፣ ስለ እዝነት ሁለተኛ የማይዋሽበት ምክንያት የለም። ይህን ሁለቱም በዚያች ቅጽበት አወቁት።

ፎሪዋ መናኸሪያው ውስጥ ብርቱካን ሻጭ ናት። ልጣጩን በስለት እንደ ክር አሳስታ ትፈታዋለች፣ ጫፉን ትቆርጣለች፣ ተሳፋሪው እየመጠጠ ይሄዳል። የዚህን ዛፍ ብርቱካን ግን ሸጣ አታውቅም። ሲደርስ መንገዱ ዳር ትቆምና ለሚያልፉ የትምህርት ቤት ልጆች ታድለዋለች። ልጆቹ «የነጻ ብርቱካን ማሜ» ይሏታል። በበጋ ውሃ እያመጣች ያጠጣችው እሷ ናት፤ ብሎኬት ሊመቱበት ካመጣችው ውሃ አስቀድማ። ልጁ ስም አልወጣለትም። ማክሰኞ የተወለደ ወንድ ግን ሁሉም ክዋቤና ነው፤ ለዚህ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ማንም በሌለበት፣ ውሃውን ስታፈስ፣ «ክዋቤና፣ ጠጣ» ትለው ነበር። ሌላው ሰው ቤት ይሠራሉ ይላል። እሷ ግን ልጇ አጠገብ የምታድርበትን ክፍል ነበር የምትሠራው፤ የኋለኛው መኝታ ክፍል መስኮት ወደ ዛፉ የሚከፈተው በሷ ጥያቄ ነው።

በሁለተኛው ቀን ወደ ናና አምፖማ ሄደች። ልጁን ይዘው ከወጡት አሮጊቶች በሕይወት የቀረችው እሷ ብቻ ናት፤ የአዶማኮ አክስት። ጥርስ የላትም፣ ምላሷ ግን ሙሉ ነው።

«ማነሽ? ቀረብ በይ። ዓይኔ ሰነፍ ሆኗል።»

«ፎሪዋ ነኝ ናና።»

«ኧረ! ያ ሹፌር እስካሁን አልሞተም?»

«አለ ናና።»

«ጎሽ። እሱ ሲወለድ በእግሩ ነው የመጣ፣ ሲሄድም ቀስ ብሎ ነው የሚሄድ። ምን ይዘሽልኝ መጣሽ?»

ፎሪዋ የላጠችውን ብርቱካን በእጇ አስያዘቻት። አሮጊቷ መምጠጥ ጀመረች። ፎሪዋ ከእግሯ ሥር ተቀምጣ፣ በስንት ዓመቷ፣ ጥያቄውን አወጣችው።

ናና አምፖማ መምጠጧን አላቆመችም። «እንግዳ በየት በኩል ሄደ ተብሎ አይጠየቅም።»

«አውቃለሁ ናና። ግን ጠየቅኩ።»

«ስንቱን ሸኘሁ መሰለሽ? ያኔ ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው። ያንዱን ቤት ስንወጣ ያንዱን እንገባለን። የቱ ያንቺ እንደነበር በምን ልለየው ልጄ? ሁሉም አንድ ያህል ነበሩ።» ብርቱካኑን ከአፏ አወጣች። ድምፅዋ ተለወጠ። «ሁሉም እንዲህ ነበሩ። ድስት አይሞሉም።»

«አዶማኮ መጥቶ ስጡኝ ብሏችሁ ይሆን?»

«የሚሉ ነበሩ። ወንድ ልጅ አንዳንዴ ተደብቆ ይመጣና ስጡኝ ይላል፣ እያለቀሰ። አንዳንዱን ገሰጽነው፣ ለአንዳንዱ ሰጠነው። እሱ ይሁን ሌላ አላውቅም። ልዋሽሽ?»

«አይ። አትዋሺኝ። ያልሰጣችሁትንስ የት ነበር የምታደርጉት?»

«የት ይሆናል? ከቆሻሻ መጣያው ጀርባ ነዋ። እንደ ወጉ።» አሮጊቷ ብርቱካኑን መልሳ አፏ ውስጥ አደረገች። «አሁን እንኳ ቆሻሻ መጣያው የለም። ጠርገው፣ አንጥፈው፣ መኪና ማቆሚያ አደረጉት አሉ። ያ የምትሸጭበት መናኸሪያ እኮ ነው፤ አላወቅሽም እንዴ?»

ፎሪዋ አላወቀችም ነበር። አሱዋ ሲያድግ አይታለች፤ የድሮው መጣያ የት ጋ እንደነበር ግን ጠይቃ አታውቅም። ለምን ትጠይቃለች? ልጇ ዛፍ ሥር ነበር።

በማግስቱ እንደ ልማዷ መናኸሪያው ገብታ ትሪዋን ዘረጋች። ረዳቶቹ «ኩማሲ! ኩማሲ! አንድ ሰው የቀረው!» ይጮሃሉ፤ መኪናው ግን ባዶ ነው። የጠቆረውን አስፋልት አየችው። ዘይት የጠጣ፣ ጎማ የረገጠው፣ ልጣጭ የተጣለበት። ዓመታት ሙሉ የልጣጩን ክር የጣለችው እዚህ ነው። ወይ ሠላሳ ዓመት ውሃ ያጠጣችው ባዶ አፈር ነው፣ ወይ ሠላሳ ዓመት የተቀመጠችው በልጇ ላይ ነው፣ ወይ ሁለቱም አይደለም። አንድ ተሳፋሪ ብርቱካን እንድትልጥለት ሳንቲሙን ዘረጋ። ስለቱን አነሳች። መልሳ አስቀመጠችው።

«ማሜ፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። ሌላዋ ጋ ግዛ ልጄ።»

ትሪዋን ሳታነሳ ወደ መሬቱ ሄደች። ከሩቅ የቁፋሮ ድምፅ ሰማችና ሮጠች፤ በሷ ዕድሜ መሮጥ ከተባለ። አዶማኮ ከዛፉ ሥር መቆፈሪያ ይዞ ቆሟል። ንድፍ አውጪው ያሞዋ የመለኪያ ገመዱን እንደያዘ እጁን ሊይዘው ይሞክራል።

«ተው አዶማኮ!» አለች ፎሪዋ።

«በዓይንሽ እይው!» አለ አዶማኮ እያለከለከ። «እቆፍርና በዓይንሽ እይው። አለ ወይ የለም። ከዚህ በኋላ የኔን ቃል አትፈልጊም።»

«ፓፓ፣ አይጠቅምም» አለ ያሞዋ። ወጣቱ ወደ ሁለቱም ሳያይ፣ ወደ አፈሩ እያየ ነበር የሚናገረው። «ይሄ ቀይ አፈር ምንም አያስቀርም። የብረት ችንካር ቀብሬበት በጥቂት ዓመት ውስጥ ዝገቱን እንኳ አጥቼዋለሁ። የስድስት ቀን ልጅ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ... ማሜ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቢኖርም አታገኙትም፣ ባይኖርም አታገኙትም። ባዶ ሆኖ ብታዩትም ምንም አይነግራችሁም።»

አዶማኮ መቆፈሪያውን ለቀቀው። ወደ ብሎኬቷ ሊሄድ ሁለት ጊዜ ተራመደና እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ። ፎሪዋ አጠገቡ ቁጭ አለች። ጫማውን አወለቀችለት፤ የጫማው ማሰሪያ በያዘበት ቦታ ሥጋው ጎድጉዶ ነበር። በአውራ ጣቷ ስትነካው ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ።

«ጣሪያ ሳላለብስልሽ ልሄድ ነው» አለ።

«ዝም በል።»

«ክዋርተንግ ሰው ይዞ መጥቶ ነበር ትናንት። ገዢ ይሁን ተከራይ አላወቅሁም። እኔ እዚሁ ተቀምጬ በሩን ይለኩ ነበር። ፎሪዋ፣ አልሞትኩም እኮ ገና።»

ፎሪዋ እግሩን በጭኗ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ማሸት ጀመረች። በላያቸው ብርቱካኑ አብቧል፤ ነጫጭ አበባው በአዶማኮ ራስ ላይ ይረግፍ ነበር፣ እሱም አላራገፈውም። ያሞዋ ገመዱን ጠቅልሎ ሳይሰናበት ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄዱ። ምን እንደሚሉ አልተማከሩም። ፎሪዋ አፏን ልትከፍት ስትል አዶማኮ «እዚያው ስንደርስ» እያለ ያልፋት ነበር። ደረጃው ላይ ከባለፈው ይልቅ ብዙ ጊዜ አረፈ፤ መጨረሻው ላይ እሷ ከኋላ ወገቡን ይዛ ገፋችው። አግዳሚው ላይ ያ ሽማግሌ አሁንም አለ። በዚህኛው ቀን አልቀለደም፤ የአዶማኮን ፊት ሲያይ ብድግ አለና ወረፋውን ለቀቀላቸው።

ባዱ ፋይሉን ከፈተ። «ተስማማችሁ?»

«አዎ» አለ አዶማኮ።

«እሺ ፓፓ። መቃብር አለ ወይስ የለም?»

አዶማኮ ሁለት እጁን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። የጭነት መኪና መሪ የያዙ፣ ብሎኬት የመቱ እጆች ናቸው። «አለ» አለ። «ልጄ እዚያ ነው። እኔ ነኝ የቀበርኩት።»

ባዱ ግራ ገባው። «ባለፈው የለም ብለው ነበር እኮ።»

«ዋሽቼ ነበር። ቤቱ አጓጓኝ። ሰው አይደለሁ? አሮጊቶቹን መንገድ ላይ ጠብቄ ተቀብያቸዋለሁ። በነጭ ጨርቅ ነበር። ዛፉ አይነካም። ጻፍ።»

«ከጻፍኩት ፋይሉ ይሄዳል ፓፓ። መቼ እንደሚመለስ...»

«ሰምቼሃለሁ። ጻፍ።»

ፎሪዋ ባሏን አየችው። ፊቱ ላይ የቀረ ነገር ፈለገች፤ እውነት የሚባለው ነገር የሆነ ቦታ ላይ አንድ ምልክት ይተው እንደሆን። ፊቱ ጸጥ ያለ ነበር። ሠላሳ ዓመት ቀደም ብሎ በሩ ላይ ቆሞ «በመሬታችን ላይ ነው ያለው» ሲላት የነበረው ፊት ይኸው ራሱ ነው። ያኔም እንዲህ ነበር የቆመው፤ ሊሸከመው የማይችለውን ነገር አንስቶ፣ ቀላል ነው እያለ። ከዚያ ፊት ውስጥ ልጇ የት እንዳለ መቼም እንደማታነብ አወቀች። ናና አምፖማ አታውቅም፣ አፈሩ አይናገርም፣ ይህ ሰው ደግሞ እሷን ለማዳን ሲል የሚለውን ሁሉ ይላል። ልጁ ከሁሉም እጅ ወጥቷል። በዚህ ክፍል ውስጥ፣ በዓይኗ ፊት ያለው፣ ደረጃውን ወርዶ እንደገና ይወጣው እንደሆን የማይታወቀው፣ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጣሪያ ማየት የሚፈልግ አንድ ሰው።

ባዱ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ ገና አላሳረፈም።

«ቆይ ልጄ» አለች።

«ፎሪዋ፣ ተይ» አለ አዶማኮ። «ተናግሬ ጨርሻለሁ።»

«ማመልከቻው በማን ስም ነው?» አለች ወደ ባዱ ዞራ።

«በእርስዎ ስም ነው ማሜ።»

«እንግዲያው የሚጠየቀው የኔ አፍ ነው።» ያላለቀሰችው ዕንባ ዓመታቱን ሁሉ አቋርጦ ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው፣ እንደዚያ ሾርባ። ከዚያ ውጭ አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ እስኪሰሙ ድረስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች፦

«እዚያ ማንም የለም። መሬቱ ባዶ ነው ብለህ ጻፍ። ዛፉ ይቆረጣል፤ የምቆርጠው ግን እኔ ነኝ፣ በእጄ።»